ግማሹ ለሰው፣ ግማሹ ለአፈር

ይህን የምጽፈው አንዲት እንሰት ስለ ሞተችና በዕድሜዋ ሙሉ ስለ እርሷ አንድ መስመር የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው። የግል ጦማር የከፈትኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንባቢ አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ያንን ተስፋ አስቀድሜ ስለተውኩት የሚከተለውን ያለ ችኮላ መናገር እችላለሁ።

የምኖረው ዲላ ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከንባብ ሌላ አንድ የትርፍ ጊዜ ልማድ አለኝ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ በገጠር ጓሮዎች እየዞርኩ የእንሰት ዓይነቶችን ፎቶ አነሳለሁ፤ ስማቸውንና ጠባያቸውን ከባለቤቶቻቸው እጠይቃለሁ። ለማያውቅ ሰው እንሰት ሁሉ አንድ ነው። ለባለጓሮው ግን አንዷ ለቆጮ ናት፣ አንዷ ለቡላ፣ አንዷ ተቀቅላ ለመበላት፣ አንዷ ደግሞ በሽታ ስለምትችል ብቻ የቆመች። ባልደረቦቼ «እስቲ ያጨሃትን አሳየን» ብለው ስልኬን ሲቀሙኝ የሚያገኙት ኮባ ነው።

እነዚህን ፎቶዎች ከነታሪካቸው በጦማር ላይ ለማስቀመጥ እንዳሰብኩ መጀመሪያ የነገርኩት ለኮምፒውተር መምህሩ ነበር። በመምህራን ማረፊያው ሻይ እየጠጣን ነበር።

«ጦማር?» አለኝ። «በዚህ ዘመን? ማን ሊያነብልህ?»

«የሚፈልግ ሰው።»

«የሚፈልግ ሰው ስልኩን ይጠይቃል። አንተ ዓመት የምትለፋበትን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ስኳርህን አማስለህ ሳትጨርስ ጽፎ ይሰጠዋል። ያውም ካንተ ባጠረ ዐረፍተ ነገር።»

ሳቅን።  ነገሩን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት፤ ሐሳቡ ግን አልተወኝም፣ በተለይ ወደ አጎቴ ጓሮ በሄድኩ ቁጥር።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ፣ ኢዲዶ አካባቢ ነው። ጓሯቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ደርብ በደርብ ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና። ከቤቱ በስተጀርባ ግን ለብቻዋ የምትተከል አንድ ዘር ነበረች፦ የአጥንት እንሰት። ሰው አጥንቱ ሲሰበር አፈር ውስጥ ያለው ግንዷ፣ አሚቾዋ ማለት ነው፣ ተቀቅሎ በወተት ይበላል። ለአጥንት የሚሆን እንሰት በሌላም ቦታ አይታጣም። የአጎቴ ዓይነት ግን በሌላ ጓሮ አልበቀለችም። የወሰዷት ሁሉ ቀብረዋት በስብሳባቸዋለች። በአጎቴ እጅ ብቻ ትወጣ ነበር።

እኔም ልጅ ሳለሁ ከዛፍ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር ወጌሻው አስሮኝ የበላሁት እርሷን ነው። ክንዴ ዛሬም ጥቂት ጎበጥ ይላል፤ ጠመኔ የምይዘው ግን በእርሱ ነው።

አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የአጥንት እንሰት አይከለከልም፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ይህ የአካባቢው ወግ ነው። አጎቴ በዚህ ላይ የራሳቸው አባባል ነበራቸው፦ «ግማሹ ለሰው፣ ግማሹ ለአፈር።» ለተሰበረ ሰው በቆረጡ ቁጥር ግማሹን አሚቾ ይሰጣሉ፤ ግማሹን እርሳቸው ብቻ በሚያውቁት አኳኋን ይቀብራሉ፤ ከተቀበረው ልጆች ይወጣሉ። እንሰት እንደ ሙዝ አይደለችም። ሙዝ ቆማ ሳለች ከጎኗ ልጅ ታወጣለች፤ እንሰት ግን ካልተቆረጠች አትወልድም። ሳትቆረጥ ከቆየች አንድ ጊዜ ታብባለች፣ ከዚያም ትሞታለች። ስለዚህ ያቺን ዘር በሕይወት ያቆያት የሰዎች ስብራት ነበር ማለት ይቻላል። የእኔ ክንድም ድርሻ ነበረው።

አቀባበሩን እንዲነግሩኝ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር።

«ይህ በአፍ አይነገርም» አሉኝ። «ዝናቡ ሊገባ ሲል ና፤ እጄን ታያለህ።»

ዝናቡ ሊገባ ሲል አጎቴን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው አብረው ሄዱ። በዚያው ሰሞን የእንሰት አጠውልግ በሽታ መንደሩን አዳርሶ ስለነበር ከአጥንት እንሰቶቹ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች።

ጓሮውን የተረከበው ልጃቸው ነው። እርሱና እኔ ዲላ አብረን ተምረናል፤ በኋላም እዚያው የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ነበር። አባቱ ሲወድቁ ሱቁን ዘግቶ ተመለሰ። አባቱን ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ጠዋት በረንዳው ላይ አውጥቶ ማታ ያስገባል። ከእኛ ትውልድ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አላየሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ በቸልተኝነት እንዳይተረጉምበት ነው።

አንድ ቅዳሜ እዚያው እያለሁ የአጎቴ እኩያ የሆኑ ጎረቤት መጡ። ልጃቸው ከሞተር ላይ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር።

«ጀሶ አድርገውለታል፣ እሱስ ደህና» አሉ ሽማግሌው። «ግን ያለ እሷ እንዴት ይጠገናል? አባትህ አፍ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ቆርጦልኝ ነበር።»

«አንዲት ብቻ ናት የቀረችው፣ አባባ» አለ የአጎቴ ልጅ።

«አንዲትም ብትሆን። ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለአፈር። እንደዚህ አይደል የሚያደርገው?»

«የአፈሩን ማን ያውቅበታል? እርስዎ ያን ጊዜ የወሰዷት የት አለች?»

«በሰበሰች።»

«ይኸው።»

«እኔ መቼ አውቅበታለሁ አልኩህ? የሚያውቀው እሱ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ በረንዳው አመለከቱ።

አጎቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰሙን ነበር። ግራ እጃቸውን አነሡ። ከላይ ወደ ታች አወረዱት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ሽማግሌው ዘረጉ። ከዚያም ወደ መሬት ደፍተው ጫን፣ ጫን አደረጉት፤ ጣቶቻቸውን አዙረው አንድ ነገር እንደ መጎርጎር አሉ፤ ጥቂት ቆዩና እንደገና ጀመሩ።

«አየህ?» አለኝ የአጎቴ ልጅ። «እዚያው ትቁም፣ አትንኳት እያሉ ነው።»

«ቁረጥ ነው የሚልህ» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎማ እንደዚያ ይላሉ። የተሰበረው የልጅዎ እግር ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ቆመውም ትንሽ ዘገዩ፤ መልሶ የሚጠራቸው ሰው የጠበቁ ይመስለኛል። «እግዚአብሔር አባትህን ይማርልህ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጃፍ አልረገጡም።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄውን በጥንቃቄ በአማርኛ ጻፈ፦ አንዲት እንሰት ብቻ እንደቀረችው፣ ሳይቆርጣት እንዴት ሊያባዛት እንደሚችል። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ያውም በአንቱታ። «እናት ተክሏን አይቁረጡ» ይላል። በቂ ፍግና ውኃ ካገኘች ከጎኗ አዳዲስ ቡቃያዎች እንደምታወጣ፣ ቡቃያዎቹ እስኪጠነክሩ በትዕግሥት ጠብቆ ነጥሎ መትከል እንደሚገባ ያስረዳል። ለሙዝ የተጻፈ ምክር ነበር፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ስለ ሙዝ የጻፈ እጅ ብዙ ነው። ስለ እርሷ የጻፈ አልነበረም። ማሽኑም ባዶውን ቦታ ባዶ ነው አላለም፤ በአጠገቡ ባገኘው ሞላው።

እኔም አነበብኩት። እንሰት ሳትቆረጥ እንደማትወልድ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ግን ይህች ዘር በሁሉም ነገር ከሌሎቹ የተለየች ስለነበረች በዚህም ትለይ ይሆናል አልኩ። ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ ነበሩ። በቦታው ያልተቀመጠ አንድ ነጠላ ሰረዝ አልነበረም።

«ሰው ብንጠይቅስ?» አልኩት ብቻ።

«ማንን? የሚያውቁት መናገር አይችሉም። መናገር የሚችሉት እሷን መብላት ይፈልጋሉ።»



አጥር ሠራላት። ፍግ አለበሳት፣ ውኃ አጠጣት። አጎቴ በረንዳው ላይ በወጡ ቁጥር እጃቸውን ያነሣሉ፤ ይቆርጣሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይቀብራሉ። ልጃቸውም «እሺ አባዬ፣ ማንም አይነካትም» ይላቸዋል፤ ግንባራቸውንም ይስማቸዋል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው አጎቴ ሊያሳዩኝ ቀጠሮ የሰጡኝን ሁሉ በአንድ እጃቸው እያሳዩን ነበር። ተቀምጠን አይተነዋል። ከጉርጎራው፣ ከጫን ጫኑ ዛሬ በቅደም ተከተል የማስታውሰው የለኝም።

ዝናቡ ገባ፣ ወጣ። ከጎኗ የበቀለ ነገር አልነበረም። የቡናው ፍሬ ቀልቶ በየደጁ የማድረቂያ አልጋ ላይ በተሰጣበት ወቅት ስሄድ የአጎቴ ልጅን አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«አበበች» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከቅጠሎቿ መካከል አበባዋ ወጥቶ ወደ ታች ተደፍቷል፤ የሰው አንገት ይመስላል። ያበበች እንሰት አሚቾዋ ይሟጠጣል፤ ለመብልም ለዘርም አትሆንም። ይህን በጌዴኦ ምድር የማያውቅ የለም፤ እርሱም ያውቃል። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው ያዩና ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ማንም ገብቶ አልተናገረንም። ያን ቀን አጎቴ እጃቸውን አላነሡም። ከዚያም በኋላ አላነሡም።

ቆይቶ እኔም ማሽኑን ጠየቅሁት። ያንኑ መለሰልኝ። መሳሳቱን ስነግረው በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ፣ አመሰገነኝ፣ አስተካከለም። በማግሥቱ እንደ አዲስ ስጠይቀው ወደ ሙዙ ተመለሰ። ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም። ያልነገሩትን ከየት ያምጣ?

ጦማሩን የከፈትኩት በዚያ ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ፎቶዋን አኖርኩ፤ የማውቀውንም ጻፍኩ። «አቀባበሯ» የሚል ርእስ ሰጥቼ ከሥሩ «አላውቅም» ብዬ ተውኩት። ለኮምፒውተር መምህሩ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አይዞህ» አለኝ በኋላ። «ይህንንም ማሽኑ ያነበዋል። አንድ ቀን ለሚጠይቀው ሰው ትክክለኛውን ይነግራል።»

«የትኛዋን ተክል ይዞ ለሚጠይቅ ሰው?»

ወደ ፎቶዋ ተመልሶ እንደገና አያት። 

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዞራለሁ፤ የምሰማውን በዚያው ምሽት እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፍ የሚጠይቀኝ ቢኖር የምሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ እኛ ያልጻፍነው ቦታ ባዶ ሆኖ አይጠብቀንም፤ የሌላ ሰው ነገር ይገባበታል፣ በእኛም ስም ይጠራል። ይህ ምክንያት ተስፋ አይደለም። የምደርስባቸው ብዙዎቹ ጓሮዎች ቡና ብቻ ሆነዋል፤ «የነበረችው እዚህ ጋ ነበር» እያሉ መሬቱን ያሳዩኛል። እኔም መሬቱን ፎቶ አነሳለሁ። የእርሷም ፎቶ አለኝ፤ የጠራ፣ የቅጠሏ ጅማት ሳይቀር የሚታይበት። ፎቶ ግን አይተከልም።

የጎረቤቱ ልጅ እግር በጀሶው ድኗል፤ ጥቂት ያነክሳል። እርሷን ቢበላ ኖሮ አያነክስም ነበር ወይ የሚለውን የሚያውቅ የለም፤ ከእንግዲህም የሚያውቅ አይኖርም።

የጠፋው ይህ ነው፦

አንዲት እንሰት።

አንድ ዘር።

አንድ ጉርብትና።

አንድ እጅ።