የወዲያኛው በር

አባዬ ዕድሜውን የገፋው ባቡር ጣቢያ፣ ከብት ፉርጎ ላይ ሲጭን ነው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። እስቲ አንድ መንጋ ሰንጋ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ግባ በለው! እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ ከዚያ ዱላው ይበዛል። አባዬ ግን ዱላ አይወድም፣ ደግነቱ አለቃ ነበረለት።

አለቃ አንድ ቀንዱ የተሰበረ ሽማግሌ በሬ ነው። ከብት ሲጫን የፉርጎው በሮች ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። አለቃ ቀድሞ መወጣጫውን ይወጣል፣ መንጋው አምኖት ይከተላል። እሱ በወዲያኛው በር ውልቅ ሲል አባዬ ከኋላው ቶሎ ይቀረቅራል። ወዛደሮቹ፣ "እንደ አለቆቻችን ነው እኮ! ሌላውን ማግዶ እሱ ይወጣል" እያሉ ይስቁ ነበር። ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው።

በኋላ ከብት በመኪና መጫን ተጀመረና የጣቢያው ሹም፣ በሬው አለቃም ከመጨረሻው መንጋ ጋር ወደ ቄራ እንዲሄድ አዘዘ።

"ጌታው፣ እኔ ልውሰደው፤ ጓሮዬ አስረዋለሁ" ብሎ አባዬ ለመነ።

"የድርጅት ንብረት ነው። ካሳዘነህ አብረኸው ሂድ።"

የመጨረሻው መንጋ የተጫነ ዕለት ለአባዬ ምሳ ላደርስ ሄጄ ነበር። አለቃ እንደ ልማዱ ፊት ፊት ገባ፤ ማንም አልነዳውም። ወዲያኛው በር ጋ ሲደርስ ተዘግቶ አገኘው። አፍንጫውን እንጨቱ ላይ አስደግፎ እስኪከፈትለት ቆሞ ጠበቀ። አባዬ በውጭ በኩል መቀርቀሪያውን እንደያዘ ቀረ።

"አባዬ፣ ክፈትለት እንጂ!"

"ከከፈትኩት ያባርሩኛል፣ ልጄ። እናንተን ምን ላብላ?"

ባቡሩ ሲነሳም እጁን ከመቀርቀሪያው አላነሳም፤ ጥቂት አብሮ ተራመደ። አባቴን እንደዚያ ቀን አዝኜበትም፣ አዝኜለትም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ሠራ። ስለ አለቃ አንድም ቀን አላነሳም። ብቻ የቤታችንን የጓሮ በር መቀርቀር ተወ። እናቴ፣ "አንተ ሰው፣ ሌባ ልትጠራብን ነው?" ስትለው፣ "ምን አለንና ይወስዳል?" ይላታል። እሷ ተነስታ ትቀረቅራለች፣ እሱ ደግሞ እንቅልፍ እንደወሰዳት ተነስቶ ይከፍታል። በዚህ የተነሳ ስንቱን ክረምት ብርድ እንዳስመታን!

ዘንድሮ አረፈ። ከቀብር እንደተመለስን ወንድሜ ጓሮ ወጥቶ በሩን ቀረቀረው። እናቴ አየችው። ከዚያ ከተቀመጠችበት በዝግታ ተነሳችና ራሷ ሄዳ ከፈተችው።