ከመስኮት ሥር የቆሙ ጠያቂዎች

ከአማን ከተማ የወጣንበት ምሽት ቤታችን ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰው በራፍ ላይ ጭቃውን እየጠረገ ይገባል። ልጄ ሰናይት ያኔ ደህና ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና አንድ እፍኝ ኮረሪማ አስጨበጡኝ።

«እዚያ አገር ሰው ሰውን አይጠይቅም አሉ። ብትታመሙ ማን ይገባላችኋል?»

«አንታመምማ!» አልኳቸው።

ጀርመን ስንደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ኮረሪማዬን አንስቶ አገላበጠው። ሰናይት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ታስተረጉማለች።

«መድኃኒት ነው?»

«ቅመም ነው።»

«ታዲያ ለምን በቀሚስ ተጠቀለለ?»

«ቅመሙ ብርድ እንዳይመታው» አልኩ። እሷ ምን ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም፤ ሰውየው ስቆ አሳለፈን።

ቀድሞን የመጣው ባለቤቴ የተከራየው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ሙዙ ከአገራችን ከሚዛን ሙዝ ይተልቃል፤ ጣዕሙ ግን የሻማ ነው። ዝናቡም ድምፅ የለውም፤ ካልረጠብክ መዝነቡን አታውቅም።

በሁለተኛው ክረምት ሰናይት ደከመች። መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሮ አረፋ ይሠራል። ሆስፒታል አስተኟት። ኩላሊትን እዚህ «ኒረ» ይሉታል፤ መጀመሪያ የለመድኩት ጀርመንኛ እሱ ሆነ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ በቀስታ አስረዳችኝ። ሰውነታችን ከተሕዋስያን የሚከላከሉ ዘበኞች አሉት። የሰናይት ዘበኞች ግን የኩላሊቷን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ጠላት ቆጥረው ያቆስላሉ።

«እኛ አገር በቆሎ ሲደርስ ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው ማማ ላይ ይወጣል» አልኳት። «እሱ ዝንጀሮውን ትቶ የባለቤቱን ልጆች በወንጭፍ እንደ መምታት ነው?»

«ልክ እንደዚያ ነው። መድኃኒቱ ዘበኛውን ያደክመዋል።»

«ዘበኛው ሲደክም ዝንጀሮው ቢመጣስ?»

«ለዚህ ነው ቤት ስትገቡ ለጊዜው ጠያቂ የማታስገቡት። ለኛ ቀላል የሆነ ጉንፋን እሷን ሊጥላት ይችላል።»

ጭንቄ እዚህ ላይ ተጀመረ። የታመመ ሰው በር ይዘጋል እንዴ?

ሰናይት ከሆስፒታል ወጥታ ቤት በገባን እሁድ የበሩ ደወል ተንጫረረ። ወንድሙ የሚባለው የማሻ ከተማ ሰው፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ የአገራችንን ልጆች አስከትሎ መጥቷል። አጥሚት በፔርሙስ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። አንዱ ያስላል። በሩን በገላዬ ዘጋሁት።

«ምነው እቴ፣ ደጅ ታስቀሪናለሽ?» አለ ወንድሙ። «በባቡር መጥተን!»

«ወንድምዬ፣ ፊቷን ባሳያችሁ ደስታዬ ነበር» ብዬ አለቀስኩ። የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው። ተያዩ። ወንድሙ አጥሚቱን መሬት ላይ አኖረና «መስኮቱ ወደ መንገድ ነው አይደል?» አለኝ።

ሲወርዱ ሰማሁ። ሰናይትን ደግፌ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ከታች በአንድ ድምፅ «እግዜር ይማርሽ!» ብለው ጮኹ። ልጄ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

አከራያችን ሽማግሌው ወዲያው በነጠላ ጫማ ወጡ። «እሁድ ነው! ሩኸ! ጸጥታ! ሰላማዊ ሰልፍ ነው?»

«በሽተኛ ጥየቃ ነው» አለ ወንድሙ።

«በሽተኛዋ የት አለች?»

«ፎቅ ላይ።»

«እናንተስ?»

«እዚህ።»

ሽማግሌው ወደ ላይ አይተው ሰናይትን አዩዋት፤ እጇን አውለበለበችላቸው። «እሺ፤ በሹክሹክታ» አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ የጎለመሱ ሰዎች መንገድ ላይ ተሰልፈው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይንሾካሾካሉ። ሽማግሌውም አግዳሚ ወንበራቸውን አውጥተውላቸዋል።

ሰሞኑን «ሲአርፒ» የሚሉት፣ በሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት የሚለካ የደም ምርመራ በጣም ወርዶ ተገኘ። እልል ልል ስል ሐኪሟ ያዘችኝ። «ይህ ጭሱን ነው የሚያሳየን፤ የቱ ክፍል እንደሚቃጠል አይናገርም። ለኩላሊቱ ክሬያቲኒንን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበትን ቆሻሻ፣ እና ሽንቷን እናያለን።» ክሬያቲኒኑ ገና አልወረደም፤ መጨመሩን ግን አቁሟል። በሽንቷ ውስጥ ያለው ደምም ቀንሷል። «ተስፋ አለን» አለችኝ፤ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ለእትዬ ዘይነባ ደወልኩና ይህን ሁሉ አወራኋቸው።

«ሰው ጠየቃት?» አሉኝ።

«አሁንም እታች ቆመዋል።»

«እኔንም ውሰጂኛ! ከነሱ ጋር ልቁም።»

«እማዬ፣ ስልኩን ለኔ ስጪኝ እንጂ!» አለች ሰናይት፣ እየሳቀች።

«አይሆንም፤ እንደ ሰው ቆሜ ነው የምጠይቃት» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ስልኩን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ወንድሙ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ድምፁን ከፍቼ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። መጀመሪያ የተሰማው ግን የእትዬ ዘይነባ ድምፅ አልነበረም፤ አማን ላይ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን ለሩኸ ከፈቱ፤ ሰናይት መስኮቱ ላይ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ አዩና መልሰው ዘጉት።