ጥቁሩን ቢላዋ ማን ያነሳዋል

ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል ይባላል። አይሸጥም። ጥሩ ዕቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ራሱን የሚሸጠው የሚያብለጨልጨው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ መርካቶ ውስጥ ቢላዋ ሸጬ ነው ያወቅሁት።

ነገሩን ያስታወሰችኝ የባለቤቴ እህት ናት። ባለፈው ሳምንት ለድግስ ልታግዘን መጥታ የማዕድ ቤቱን መሳቢያ ስትከፍት ጥቁሩን ቢላዋዬን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣችው።

«ይኼን የዛገ ብረት እስካሁን አልጣላችሁትም?»

«አልዛገም። ጥቁር ነው።»

«ያው ነው» አለችና ባለፈው ዓመት እሷው በስጦታ ካመጣችልን ባለስድስት ቢላዋ ሳጥን አንዱን መዘዘች። ቲማቲሙ ከሥሩ ተጨፈለቀ። ሌላ መዘዘች፤ እሱም ያው ነው። ከዚያ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇ ጥቁሩን አነሳና ያንን ሁሉ ሽንኩርት በእሱ ከተፈችው። በየትኛው እንደከተፈች ያወቀች አልመሰለኝም።

ያንን ቢላዋ የሠሩት ጋሼ ነስሩ ናቸው። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የትም ሳያስገባኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። ጋሼ ነስሩ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ምናለሽ ተራ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍላቸው የተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያንን ጭነት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ እሳት አስገብተው፣ ቀጥቅጠው፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት አብርደው ቢላዋ ያወጡ ነበር። የወይራ እጀታ፣ ሁለት የናስ ሚስማር፣ አለቀ። ነጩ ስለቱ ብቻ ነው፤ የቀረው አካሉ ከእሳት እንደወጣ ጥቁር ነው። አይታጠፍም፣ ጌጥ የለውም፣ ሥዕል የለውም።

«ብረት ሁለቴ እሳት ያያል» ይሉኝ ነበር። «አንዴ እንዲጠነክር፣ አንዴ እንዳይሰበር። ሦስተኛ ካየ ይሞታል።»

ይህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መስማት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።

አንዋር መስጊድ አጠገብ ጣውላ ዘርግቼ እሸጥላቸው ጀመር። እሸጥላቸው ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው፤ ቁጭ እልላቸው ነበር። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ከቅመም ሱቆቹ የኮረሪማ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ይነሳል፣ ሰው ይተራመሳል፣ የእኔን ጣውላ ግን እንደ ጉድጓድ ዞሮ ያልፈዋል። ከጎኔ ሱልጣን የሚባል ልጅ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸውን የውጭ ቢላዋዎችና በቁልፍ የሚዘረጉ ሴንጢዎችን ይሸጣል። መርካቶ ድስት ገዢ ድስቱን በጥፍሩ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል፤ ቢላዋ ገዢም እንደዚያው አንኳኩቶ ወደ ጆሮው ያስጠጋ ነበር። ቆርጦ የሞከረ አላየሁም። አንድ ሰውዬ በሱልጣን ቢላዋ ላይ ፊቱን አይቶ ጺሙን አስተካከለና ገዛው።

«ይቆርጣል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ምን ልለው ነበር?» አለኝ ሱልጣን ሰውዬው ሲርቅ። «ደግነቱ የሚጠይቅ የለም።»

ወደ እኔ የሚመጡት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«የውጭ ነው?»

«የእዚሁ ነው።»

«የቀጥቃጭ?» ይሉና እንደ ፍም መልሰው ያስቀምጡታል። አገራችን ማረሻዋን ከቀጥቃጭ ትገዛለች፣ ወደ ማዕዷ ግን አታቀርበውም። ለገዢው ልፍረድለት ካልኩ ደግሞ፣ የቢላዋ ደግነት ገበያ ላይ አይታይም። የሚታየው በሦስተኛው ዓመት ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አያየውም።

አረፋ ሲቃረብ ጋሼ ነስሩ ቁርጡን ነገሩኝ። «ይኼ ለበዓሉ ካልተነሳ ሌላ አልሠራም። የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። ምድጃ ማንም የውጭ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።» የቢላዋ ሥራውን ከአባታቸው ነው የተማሩት። እየሳቁ ነበር የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነበር።

እኔም ላድናቸው ተነሳሁ። ሳላማክራቸው ቢላዋዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ አብነት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ግራይንደር ቤት ወሰድኳቸው። ሰውዬው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ጥቁሩን ፍቆ እንደ መስታወት አበራቸው። ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም አወጣ። ቀለሙ በጣም ማረከኝ። ጣውላዬ ላይ ደርድሬ «የውጭ ነው» አልኩ። በሁለት ቀን ከአንዲት በቀር አለቁ።

የቀረችኝን አንዲት ቢላዋ ይዤ እየሮጥኩ ጋሼ ነስሩ ዘንድ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ ወደ ብርሃን አዞሯት፣ ሰማያዊውን አዩት። ሞረድ አነሱና አንዴ ሳብ አደረጉባት። ሞረዱ እንደ ሳሙና በላት። ሦስተኛውን እሳት ግራይንደሩ ላይ አይታለች።

«ሁሉም እንደዚህ ናቸው?»

«አዎ።»

«በዚህ ነው ነገ የሚያርዱት» አሉና ተቀመጡ።

ያልገባኝ ያኔ ገባኝ። ለኡድሂያ፣ ለበዓሉ መሥዋዕት፣ የሚታረድ በግ በስለታም ቢላዋ፣ ሳይሠቃይ መታረድ አለበት። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩት ለዚያች ለአንዲት ምት ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ስድስት ጥቋቁር ቢላዋ ሠርተው ከጣውላዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቅር ብሎት የመጣውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው ሊለውጡለት ነው። አንድ ቀን ጠበቅን፣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ከእኔ የገዙ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ሴት መጡ።

«ለልጄ አንድ ልጨምር ብዬ ነው» አሉ።

«ቢላዋው እንዴት ነበር?» አሏቸው ጋሼ ነስሩ።

«ቢላዋውስ ግሩም ነው። በጉ ነው ያረጀው፤ ባለቤቴ ስንቴ ተመላለሰበት መሰለዎት፣ አላበው እኮ።»

ጋሼ ነስሩ ተነስተው ከጥቋቁሮቹ አንዱን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። «እንኩ፣ ይኼን በነፃ ይውሰዱልኝ። ያኛው ተበላሽቶ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።»

እትዬ ዘይነባ አዩት፣ አዩንም። «ይኼን ጥቁሩን? ይቅርብኝ ጋሼ። ያ የሚያበራው ከሌለ ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ሄዱ። ጋሼ ነስሩ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ያዘው። አንተ እንኳ ምን እንዳበላሸህ ታውቃለህ» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ምድጃ መሥራት ጀመሩ። እንዳሉትም የውጭ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቢላዋ ሲሠሩ ዳግም አላየኋቸውም።

የባለቤቴ እህት ስትወጣ ቢላዋውን አጥባ ከመሳቢያው ሥር፣ ከጨርቆቹ በታች ከተተችው። በማግስቱ ፈልጌ አገኘሁት።

አንባቢዬ፣ የአገር ሥራ ግዛ አልልህም፤ መጥፎ የአገር ሥራም ሞልቷል፣ አንዳንዱን የሠራሁትም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ቢላዋ ልትገዛ ስትሄድ ኪስህ ውስጥ አንድ የበሰለ ቲማቲም ያዝ። ሻጩ ፊት ቁረጠው። መጀመሪያም ከጥቁሩ ጀምር።