እናቴና የጓያው እንፋሎት

የሽሮ ሽታ ሰውን ወደ እናቱ ቤት ይመልሰዋል ይላሉ፤ እኔንም ይመልሰኛል፣ ችግሬም እሱ ነው። በማላውቀው ሰፈር ሳልፍ ከአንድ ግቢ የሚቆላ ጥራጥሬ ሽታ ብቅ ሲል፣ ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ እስቃለሁ። ትንፋሽ መያዝ ምንም እንደማይጠቅም ከእኛ ቤት በላይ በውድ የተማረ የለምና።

ቤታችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ነበር፤ አንዲት ክፍል፣ ከአምስት ጎረቤት ጋር የምንጋራው ጭቃማ ግቢ ውስጥ። አባታችን ሞቶ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታሁንና እኔ ቀርተን ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጌታሁን ገና ሃያ ያልሞላው ሆኖ በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ ጫኝ ነበር፤ የኩንታል ጆንያ በጀርባው አዝሎ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲያመላልስ ውሎ፣ ማታ ዓይኑ ቀልቶ እያስነጠሰ ይገባ ነበር። ሦስታችንም የምንበላው በእሱ ሁለት እግር ነበር።

በዚያ በጋ ሽምብራውም ባቄላውም አልቀመስ አለ። ጎጃም ያለው አጎቴ በጭነት መኪና አንድ ጆንያ ጓያ ላከልን። ጓያ ድርቅ የማይበግረው፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የማይጠፋ ጥራጥሬ ነው። እናቴ አገር ቤት ሳለች በዱላ እየተደገፉ የሚሄዱ ጎልማሶችን አይታ ስለነበር ጓያ እግር እንደሚይዝ ታውቅ ነበር። ግን እንደ መንደሯ ሰው ሁሉ፣ የሚይዘው እንፋሎቱ ነው ብላ ታምን ነበር፤ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ጉልበት ውስጥ ገብቶ ጅማት ያስራል፣ ከበረደ በኋላ ግን ጓያም እንደ ማንኛውም እህል ነው።

ስለዚህ ጓያ በሚቀቀልበት ቀን ጠላት የመጣብን እንመስል ነበር። እናቴ እኔን ቤት ውስጥ ዘግታብኝ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ወትፋ፣ ጌታሁንን ወደ ግቢው ዝር እንዳይል አስጠንቅቃ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠምጥማ ግቢው ጥግ ላይ ትቀቅል ነበር። በቀዳዳ ስመለከት የስልጤዋ ጎረቤታችን ዘይነባ ከደጃፏ ቆማ ትስቅባት ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ጭሱን ሸሽተው እሳቱን ሊበሉት ነው?»

«አንቺ ቆጮሽን ጠፍጥፊ!» ትላለች እናቴ ከነጠላዋ ውስጥ።

«ቆጮ እግር ይዞ አያውቅም!»

«ጥርስ ይይዛል!»

ሁለቱም እየተሳሳቁ ወደየሥራቸው ይመለሱ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጓያው ጠዋት ቂጣ፣ ቀትር ላይ ንፍሮ፣ ማታ ሽሮ እየሆነ ይቀርብልን ጀመር። እናቴ ወጥ ስታወጣ ለጌታሁን ሦስት ጭልፋ፣ ለእኔ አንድ ጭልፋ አውጥታ፣ ለራሷ የድስቱን ግድግዳ በእንጀራ ትጠርግ ነበር። አንድ ማታ አላስችል ብሎኝ፣ «ለምን ለእሱ ሦስት?» ብዬ አለቀስኩ።

«እሱ ኩንታል ይሸከማል፤ አንቺ ምን ትሸከሚያለሽ? ምላስሽን?» አለችኝ።

ጌታሁን እየሳቀ ከፊቱ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ ሲል እጁን ይዛ ወደ ራሱ አፍ መለሰችው። ሴት ልጅ በመሆኔ የቀረብኝን ሁሉ ስቆጥር ብዙ ወረቀት ፈጅቻለሁ፤ ሴት በመሆኔ እግሬ እንደተረፈልኝ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ ላይ ጌታሁን ባቱ ይተሳሰርበት ጀመር፤ ጠዋት ሲነሳ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ግድግዳ ይዞ ጥቂት ቆሞ ነበር የሚራመደው። ሐምሌ ላይ በረጠበ ድንጋይ ላይ ከነጆንያው ወደቀ፤ ጓደኞቹ ጠጥቶ ነው ብለው ሳቁበት። በሳምንቱ ደግሞ ወደቀ፣ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ የእግሩ ጣቶች መሬቱን መፋቅ ጀመሩ፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ይጋጫል፣ እንደ ሌባ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። እናቴ ጉልበት ቢያንሰው ነው ብላ ሦስቱን ጭልፋ አራት አደረገችው።

ነሐሴ ላይ እናቴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈነው፣ ዝናብ እየወረደብን ወደ ክሊኒክ ወሰድነው። የተቀበለን ሽበታምና ቁጡ ድሬሰር ነበር። ጌታሁንን ከአልጋው ጠርዝ አስቀምጦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ከጉልበቱ ሥር በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ አደረገው። እግሩ እንደ በቅሎ ርግጫ ተወርውሮ በአጠገቡ የነበረውን የብረት ሳህን መታ፣ ሳህኑም ወለሉ ላይ እየጮኸ ተንከባለለ። ያን ሁሉ ሳምንት ሲጎተት የከረመው እግር ሲዘል እናቴ አየችና እልልታዋን አቀለጠችው።

«እልልታውን ይተዉት፣ እትዬ» አለ ድሬሰሩ ሳህኑን እያነሳ።

«እንዴት እተወዋለሁ ጋሼ? እግሩ ነፍስ አለው እኮ!»

«ነፍስማ አለው። የሚያዘው ነው የጠፋው።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጫኝ ነኝ።»

«ካቦ አላችሁ?» ካቦ የጫኞች አለቃ ነው፤ አንሡ የሚልም፣ አውርዱ የሚልም እሱ ነው። ጌታሁን አለን አለ። «ካቦው የቀረ ቀን ምን ትሆናላችሁ? ትተኛላችሁ?»

«ኧረ ማን ይተኛል? ሁሉም አንድ ጆንያ ላይ ተረባርቦ ይጓተታል እንጂ።»

«ይኸውልህ። ጡንቻህ ደህና ነው፣ ከወገብህ ተነሥቶ ጡንቻህን የሚያንቀሳቅሰውም ነርቭ አለ። የተጎዳው ከአንጎልህ እስከ ወገብህ የሚወርደው ካቦ ነው። የካቦው ሥራ ‹ሂድ› ማለት ብቻ መሰለህ? ‹ተው› ማለትም ነው። ስነካህ እግርህ እንዲህ የፈረጠጠው ‹ተው› የሚለው ስላጣ ነው።»

«ካቦው ይመለሳል?» አለ ጌታሁን።

ድሬሰሩ ወደ እናቴ ዞረ። «ጓያ ትበላላችሁ?»

«በስመ አብ! እንፋሎቱን እንኳ አላስነካሁትም!»

«እንፋሎቱን ተዉት። በልቷል ወይ ነው የምልዎት።»

«መብላቱንማ…» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ውስጥ ገና ኩራት ነበር፣ «መብላቱንማ ከማናችንም አስበልጬ ነው ያበላሁት።»

ድሬሰሩ መዶሻውን ኪሱ ከተተ። እናቴ ቀስ ብላ የራሷን ቀኝ እጅ ገልብጣ ታየው ጀመር።

ካደግሁ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከአንጎል የሚነሣው የነርቭ ሕዋስ እንደ ክር ቀጥኖ በጀርባ አጥንት ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሁለተኛው ሕዋስ መልእክቱን ይቀበልና ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ ከጫፉ አንድ ቅመም ጠብ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ የጡንቻው ክሮች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተንሸራተቱ ይኮማተራሉ። የጓያው መርዝ በአፍ ገብቶ የሚጎዳው የላይኛውን ነው፣ ይበልጡንም ረጅሙን፣ እስከ እግር የሚያዘውን። የሞተ ሕዋስ አይተካም። ይህን የጻፉት ሰዎች እንፋሎት የሚፈሩትን እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች በአንድ መስመር መሃይም ብለው ያልፏቸዋል፤ እኔ አላልፋቸውም። መሣሪያ የሌላት ሴት ከመቶ እህል መካከል ወንጀለኛውን ለይታ ይዛዋለች፤ የሳተችው የገባበትን በር ብቻ ነው። በሩንም አውቃለሁ ባትል ኖሮ ትፈራውና ትተወው ይሆን ነበር፣ ግማሹን ስላወቀች ግን ተማምና አበላችን።

መስከረም ጠባ፤ ጌታሁን በሁለት ዱላ መሄድ ጀመረ። እናቴ ድሬሰሩ ያለውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለጠየቃት ሁሉ የማንኛዋ ጎረቤት ድስት እንደሆነ እንጃ፣ እንፋሎት አግኝቶት ነው ትል ነበር። ያቺ ቀልደኛዋ ዘይነባ እንኳ፣ «አዎ እትዬ፣ እንፋሎት ክፉ ነው» ብላ አንገቷን ትደፋ ነበር። እናቴ ግን እየከሳች ሄደች፤ እህል ስታይ ፊቷን ታዞር ጀመር።

አንድ እሑድ ጌታሁን ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ «እማዬ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «በጾሙ ውስጥ አንድ ቀን አትምጣ ያልሽኝን ረስቼ ገብቼ ነበር። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወጥተሽ ነበር። ድስቱን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ነው ያረፈው።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አላልኩህም?» ብላ ጮኸች። «አትድረስ አላልኩህም? የማትሰማ! ደንቆሮ!» እያለች ደረቱን በጡጫዋ ትመታው ነበር፤ ከዚያ ጭንቅላቱን አቅፋ፣ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ እንጀራ በላች።

ውሸት ነበር። እናቴ ድስት ጥዳ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ አታውቅም፤ በቀዳዳ ሳይ የነበርኩት እኔ አውቃለሁ። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ከክሊኒኩ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ለጌታሁን አንድ ቀን እንኳ ወጥ አውጥታለትም አጉርሳውም አታውቅም። ጭልፋውን ለእኔ ትሰጠኝና ወደ ደጅ ትመለከት ነበር።

በሰው ስህተት ላይ ብዕር በመምዘዝ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ አንድም የተሳሳተ አሳብ በሰላም አሳልፌ አላውቅም ይሉኛል። ይህን ግን አሳልፌዋለሁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ።

አሁን ጌታሁን ከእኔ ጋር ይኖራል፤ በዱላ መሄዱ ከቀረ ቆይቷል። ጡንቻው ዛሬም ብርቱ ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ሳሻግረው እግሮቹ ክንዴ ላይ ተወጥረው ይንቀጠቀጣሉ፣ እስኪረጋጉ ሁለታችንም እንጠብቃለን። ያን ጊዜ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሦስታችንም እውነቱን እያወቅን፣ እያንዳንዳችን ለሌላው ስንል የማናውቅ እንመስል ነበር። ዛሬ ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፣ የምንደብቀው ሰው የለም፣ ስለ ጓያውም ስለ ጭልፋውም እንደ ተራ ነገር እናወራለን። እውነት ከክፍል ክፍል እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ጌታሁን ከወንበሩ ሆኖ ሲያልፍ ሲያገድም ያየዋል።