ወረቀት ያላት ሠዓሊ

ከጎንደር የወጣሁ ለት «በእንባ ሸኘናት» የሚሉ ዘመዶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ሊነጋጋ ሲል አንዲት ሣጥን ይዤ ወደ አስመራ በሚሄደው አውቶቡስ ስሳፈር የቆመው ታላቅ ወንድሜ አያ አድማሱ ብቻ ነበር። እሱም የመጣው ሊሸኘኝ ሳይሆን ሊመልሰኝ ነው።

«ሥዕል ላንቺ እንደ ስፌት ነው» አለኝ። «ሴት ሥራዋን ስትጨርስ እጇን የምታፍታታበት። በዚህ ዲግሪ ይያዛል ሲባል የት ሰማሽ?»

«አንተስ የምትበላው በሱ አይደለም ወይ፣ አያ አድማሱ?»

«እኔማ ወንድ ነኝ። መቅደስ እገባለሁ።»

አያ አድማሱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። በአገራችን ሥዕሉ ቤት ውስጥ በአቡጀዲ ላይ ይሣልና ተወስዶ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልብሱንና ፈረሱን እሱ ይሥላል፤ ፊቱን ግን የምሥለው እኔ ነበርኩ። የእሱ ፊቶች እንቅልፍ ያዳፋቸው ይመስላሉ። በትክል ድንጋይም በኮላ ድባም አብያተ ክርስቲያናት ሰው ቆሞ ያለቀሰባቸው ፊቶች የእኔ ናቸው፤ ከሥር የተጻፈው ስም የእሱ ነው። ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ የእጅ ሥራ የምታስተምረኝ ፈረንጅ መነኩሲት ሮም የሥዕል ትምህርት ቤት ስታገኝልኝ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ እጄ የራሴ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት።

ከምጽዋ እስከ ናፖሊ መርከቡ እያስመለሰኝ ደረስኩ። ሮም ላይ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሙያ?»

«ሠዓሊ።»

«ዲፕሎማ?»

«እሱን ልማር ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያ ሠዓሊ አይደለሽም» አለና ጥቂት አስቦ «ገረድ» ብሎ ጻፈ።

አከራዬ ሲኞራም መስኮት ላይ ያሰጣሁትን በርበሬ አይታ «ቀለምሽን ከመስኮቴ ላይ አንሺ!» ብላ ጮኸች። የሚበላ መሆኑን ስነግራት ጭራሽ ባሰባት። ብርዱን አልናገርም። የደባርቅ ብርድ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይሰጣል፤ የእነሱ ቀኑን ሙሉ ይቅር አይልም።

በዓመቱ መጨረሻ ለፈተና አንድ ሳል የያዘው ሽማግሌ በጎኑ አስቀምጠው ሣሉ አሉን። እኛ ዘንድ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው፤ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ሽማግሌው ምን በደለኝ? ሁለቱንም ዓይኑን ሰጠሁት።

ፕሮፌሶሬው ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁለተኛውን ዓይን ከየት አመጣሽው?»

«አለው እኮ።»

«ከዚህ አይታይም።»

«ክፉ ሰው አይደለማ!» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቀ፤ አንጀቴን የቆረጠው የሱ ሳቅ ነው። ፈተናውን ወደቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዓይን ሰጠሁት፤ አለፍሁ። ያሉኝን ሁሉ እያደረግሁ ዲፕሎማውን ያዝሁ።

ከዚያ ወዲህ ፊት እምቢ አለኝ። እዚሁ ሮም የምትኖር አንዲት የአስመራ ሴት «ማርያምን ሣዪልኝ» ብላ ለመነችኝና ሳምንት ሙሉ ታገልሁ። ጥላው ልክ ነው፣ አፍንጫው ልክ ነው። ሴትዮዋ አየችው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች እንጂ አላማተበችም። ጠቅልላ ወሰደችው። አሁን የምኖረው እዚሁ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እየተኮስሁ ነው።

«አገርሽ ብትቀሪ፣ ለትርፍ ጊዜሽ ብትሥይ ይሻልሽ ነበር» የምትሉኝን አውቃለሁ። አይሻለኝም። እዚያ እጄ የአያ አድማሱ ነበር። እዚህ ለፈታኞች ሰጠሁት። ለእኔ የተረፈ የለም።

ባለፈው ወር፣ ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ አያ አድማሱ ጎንደር ስልክ ቤት ገብቶ ደወለልኝ።

«የሺ! እንደምነሽ? ያንን ወረቀት ላኪልኝ እስቲ።»

«የቱን ወረቀት?»

«ዲግሪሽን ነዋ! ማክሰኝት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሣላል፤ ኮሚቴው የተማረ ሠዓሊ ካልሆነ አለ። ‹እኅቴ ሮም ተምራለች፣ በስሟ እሠራዋለሁ› ብያቸዋለሁ። ሸጋ አይደለም?»

«ፊቱንስ ማን ይሥላል?»

«እኔ ነኛ። ምነው፣ አንቺ እስካሁን ትሥያለሽ እንዴ?»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። አይሰማኝም ልለው እንኳ አልተመቸኝም።

«የሺ?» ይላል። «የሺ፣ አለሽ?»