ሥርዓቱ ሙቀት ሲያጣ

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ጆንያዎቹ ወጥተው ሽታው ቀርቷል። መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፤ ሲለምዱት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከመካነ ሰላም ገበያ ብዙም ስለማይርቅ በገበያ ቀን የሰውና የአህያ ድምፅ በቆርቆሮው በኩል ይገባል። ሰው ይገበያያል፤ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። ከተጠራው አንዳንዱ ይመለሳል፤ አንዳንዱ አይመለስም። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የያዙኝ ከክፍል ስወጣ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። መንገዱ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ ነበርና እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

አጠገቤ ከአቀስታ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ይተኙ ነበር። በገባሁበት ቀን ጉልበቴን አቅፌ ኩርምት ብዬ አይተው የጋቢያቸውን ግማሽ ጣሉብኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ።

«ብርዱ ነው አባ።»

«አዎ፣ ብርዱ ነው» አሉ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔን የጠሩኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ያስገቡኝ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የመጡ ዕቃዎች ነበሩ፤ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ኖራ ያለበት ጣሳ። አጠገባቸው ውሃ በጆግ። መርማሪው ሹራብ የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከፍቶ የራሴን ድምፅ አሰማኝ፤ ክፍል ውስጥ ሆኖ የቀዳኝ ሰው ነበር ማለት ነው።

«ሥርዓቱ ሙቀት ያጣል፤ አካባቢው ይሞቃል» እላለሁ።

«ሥርዓቱ ማነው?» አለኝ።

«ኩባያው ውስጥ ያለው ኖራና ውሃ ነው፤ እሱን ነው ሥርዓት የምንለው። አካባቢ የምንለው ደግሞ ከሱ ውጭ ያለውን ሁሉ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎም እኔም አካባቢ ነን።»

አልሳቀም። ቅጂውን ለቀቀው። የአንዲት ተማሪ ድምፅ ተከተለ። «ቲቸር፣ ሥርዓቱ የሚያጣው ጨርሶ እስኪበርድ ነው?» ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። የገበሬ ልጅ ናት፤ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ አባቷ ስንቋን ተሸክሞ የሚያመጣላት። ያልገባትን ሳትጠይቅ አታልፍም። ዓይኔን ከስልኩ አንሥቼ ጆጉ ላይ አደረግኩ።

«ይህቺ ማናት?»

«ተማሪው ብዙ ነው፤ በድምፅ አልለይም።»

«ትለያለህ» አለ። ቀስ ብሎ ኩባያውን አስጠጋልኝ። «እስቲ ያስተማርከውን አሳየኝ።»

ውሃ ቀዳሁ። ከኖራው ትንሽ ልጨምር ስል ጣሳውን ተቀብሎኝ ራሱ ገለበጠው። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ለማየት ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ፊትህን አሽሽ! ዓይን ያጠፋል» አልኩት። ከአፌ ያመለጠኝ የአስተማሪ ቁጣ ነበር። ኖራው ሲንጣጣና ሲጨስ ጠባቂው ወደ ኋላ ዘለለ፤ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። መርማሪው በእጁ ምልክት ሰጠውና ተረጋጋ።

«ስሟን ትነግረኛለህ ወይስ እጅህን ትከታለህ?»

ስፈራ ጭንቅላቴ የለመደውን መሥራት ይጀምራል። ኖራውን ገመትኩ፣ ውሃውን ገመትኩ። ሰባ ዲግሪ ያልፋል፤ ቆዳዬን ይገፈዋል። ግን ቆርቆሮ ሙቀት አይዝም። በሩ ክፍት ነው፤ ነፋሱ ብርድ ነው። የሚያስፈልገኝ ጊዜ ብቻ ነበር።

«የተያዝኩት በዚህ ስሌት ትምህርት ስለሆነ፣ እሱን አስቀድሜ ላሳይዎት።»

ጠረጴዛውን በአገጩ ጠቆመኝ። «አሳይ።»

ኪሴ ውስጥ የቀረች ስባሪ ጠመኔ ነበረችና ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩ። የውሃው ክብደት ስንት፣ አንድ ግራም ውሃ አንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚፈልገው ሙቀት ስንት፣ የሙቀት መጠኑ ከስንት ተነሥቶ ስንት ደረሰ። ሦስቱን ማባዛት ነው። ከዚያ ስለ ሥራ አነሣሁ። ጋዝ ሲሰፋ ፒስተን ይገፋል፤ ያ ሥራ ይባላል። እዚህ ግን ይህ ነው የሚባል የተገፋ ነገር የለም። ግፊቱ ካልተለወጠ ደግሞ የወጣው ሙቀት ራሱ የኢንታልፒው፣ ማለትም የሥርዓቱ የሙቀት ይዘት፣ ለውጥ ነው። ምልክቱን ተሳሳትኩ፤ ፕላስ ጻፍኩ። በእጅጌዬ አጥፍቼ ማይነስ አደረግኩት፤ «ሙቀቱ ስለወጣ ነው» አልኩ። የማወራው ለሱ ነው፤ የማየው እንፋሎቱን ነው። ሳሳ። ቆይቶ ጠፋ።

«ጨረስክ?»

«አሃዱ ቀርቷል» አልኩና ጁል ብዬ ጻፍኩ።

«አሁን አስገባ።»

ጠባቂው ክንዴን ሊይዝ መጣ። «ራሴ አስገባለሁ» አልኩት። አስገባሁ። አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን የሚቻል ነበር።

«ስሟ?»

«አላውቃትም።»

መርማሪው የኩባያውን ጎን በጣቱ ነካ። እንደገና ነካው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የጻፍኩትን ተመለከተ። የገባው ይመስለኛል።

«ውሰደው» አለ።

መጋዘኑ ስመለስ እጄ ይበልጥ ይነድ ጀመር። «ኖራ ነው፤ ብዙ ውሃ ካላገኘ አይተወኝም» አልኳቸው ለቄሱ። ያለን የሁላችን የመጠጥ ውሃ ነው፤ ጄሪካኑ ግማሽ እንኳ አልነበረም። ቄሱ የሰዉን ፊት አዩ። ከጥግ አንዱ «ያፍስሱለት እንጂ አባ» አለ። እስኪያልቅ አፈሰሱልኝ። የዚያን ዕለት ውሃ የጠጣ ሰው የለም፤ ያማረረም አልሰማሁም።

በኋላ አንድ ቀን «ሂድ» ተባልኩ። ምክንያት አልተነገረኝም። ቄሱን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ያቺን ተማሪዬን ከዓመታት በኋላ ደጎሎ ከተማ ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘኋት። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ።

«ቲቸር፣ ያኔ ታመው ነው የቀሩት ብለውን ነበር።»

«አዎ፣ አሞኝ ነበር» አልኳት። «አሁን ድኛለሁ።»

ዛሬም አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከግቢው ውጭ መኪና ሲቆም ከሰማሁ እጄ ባለበት ይቀራል። የመኪናው በር ተከፍቶ ማን እንደወረደ እስኪለይልኝ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቼ ስሌቱን በቃሌ የምሠራ ይመስላቸዋል፤ ጸጥ ብለው ይጠብቁኛል። ከዚያ እቀጥላለሁ።