ጋሼ ፋንታሁን የበየዱት የጥይት መደርደሪያ

ጋሼ ፋንታሁን ጥይት ጠልተው የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሰሜን ጦር ግንባር የጥይት ሣጥን ተሸክመው ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ከርመዋል። በሱዳን አድርገው ሜልበርን ሲገቡ፣ ያንን ነገር ዳግመኛ በእጄ አልነካም ብለው ማሉ። ጡረታ እስኪወጡም ተጎታች መኪና በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ብየዳ ሲሠሩ ኖሩ። አንድ ልጃቸውን ሀኒንም እዚያው ኬንሲንግተን ሰፈር አሳድገው ነርስ አደረጓት።

ታዲያ ይህችው ሀኒ አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ክለብ ሄደች። እዚያ የሚተኮሰው፣ ማሽን ወደ ሰማይ በሚወረውረው የሸክላ ሳህን ላይ ነው። ወደደችው። ፈቃድ አወጣች፤ ውሎ አድሮም ለውድድር በቃች። ወሬውን እናቷ ወይዘሮ የሺሃረግ ሲነግሯቸው ጋሼ ፋንታሁን አልተቆጡም። ስለ ሥራዋ ይጠይቃሉ፣ ታርኔት ስለ ገዛችው አዲስ ቤት ይጠይቃሉ፤ ስለ ተኩሱ ግን ትንፍሽ አይሉም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሀኒ ደወለች።

«አባዬ፣ ጋራዥ ያለው ሼልፍ ኮላፕስ አደረገ።»

«አንቺን ነካሽ?»

«ኖ፣ አይም ኦኬይ። ግን...» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥይቱ ነው የተበተነው።»

ጋሼ ፋንታሁን ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

ሲደርሱ ከሱቅ ተገዝቶ የመጣው ቀጭን የቆርቆሮ ቁምሳጥን እንደ ራሰ ካርቶን ጎብጦ፣ ጥይቶቹ ከነማሸጊያቸው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ጎንበስ ብለው አንዱን ካርቶን አነሡ። ክብደቱን ክንዳቸው አወቀው።

«ሀጎስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «ግንባር ሳለን ሣጥን በሣጥን ላይ ከምረን፣ ክምሩ ተንዶ እግሩን ሰበረው። ጠላት መቼ ሰበረው! የገዛ ጥይታችን ነው።»

ሀኒ ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም። አባቷን ዓይን ዓይናቸውን ታይ ጀመር።

«አትተኩሺ አልልሽም» አሉ። «በዚህ ቆርቆሮ ላይ ግን አታስቀምጪም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከቀድሞ ባልደረባቸው ከጉርሜሳ ጋራዥ ገብተው ብየዳ ጀመሩ። ለአራቱም እግር ወፍራም ቱቦላሬ ብረት ቆረጡ፤ ከእግሩ ሥር ሲሚንቶውን እንዳይበሳ ሰፋ ያለ ላሜራ በየዱ። ለመደርደሪያው ደህና የኮምፔርሳቶ ጣውላ አነጠፉ፤ ካርቶን ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ፊት ለፊቱን በብረት ከለሉት። ሕጉ ጥይት ከጠመንጃ ተለይቶ ይቆለፍ ስለሚል፣ ከባድ በርና ቁልፍ አበጁለት። ታርኔት ወስደው በውሃ ልክ ካስተካከሉ በኋላም ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በቡሎን አሰሩት።

ከዚያ ጥንካሬውን ሊፈትሹ ጫማቸውን አውልቀው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ወጡና ተንጠላጠሉ።

«ኧረ በሥላሴ! ትልቅ ሰው ቁምሳጥን ላይ?» አሉ አብረው የመጡት ወይዘሮ የሺሃረግ።

«አንቺም ነይ፤ ለብቻዬ እንደሁ አልከብደውም።»

እሳቸውም እንቢ ብለው ብለው በመጨረሻ ከታችኛው ላይ ቆሙ። መደርደሪያው ንቅንቅ አላለም። ሀኒ በሣቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ካርቶኖቹን የደረደሩት ጋሼ ፋንታሁን ራሳቸው ናቸው፤ ብዙውንና ከባዱን ከታች፣ ጥቂቱን ከላይ። ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ውድድሩ መቼ ነው?» አሉ።

ቀኑ ደርሶ ክለቡ ሲገኙ፣ በመጀመሪያው ተኩስ ትከሻቸው ደነገጠ። በሁለተኛው ሳህኑ አየር ላይ ዱቄት ሲሆን አዩ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የረሱት መሰለ፤ ዓይናቸው ከልጃቸው ቀጥ ያለ ጀርባ አልተነቀለም። ሳህን በወጣ ቁጥር ትበትነዋለች።

አጠገባቸው የቆመ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ፣ «ጎበዝ ናት፤ ታውቃታለህ?» አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። አላስቻላቸውምና ጨመሩ፦ «የጥይት መደርደሪያዋንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እውነት? የኔ እኮ ጎብጧል። ለኔም ትሠራልኛለህ?»

«እሠራልሃለሁ» አሉ ጋሼ ፋንታሁን፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም። «ቆይ ግን፣ ልጄ እየተኮሰች ነው።»